የክረምት ዕረፍት በመርካቶ

ሰኔ አልቆ ትምህርት ቤት በተዘጋ ቁጥር ጓደኞቼ «ዕረፍትህን የት ታሳልፋለህ?» ብለው ይጠይቁኛል። አንዱ ወደ ሐዋሳ፥ ሌላው ወደ ላንጋኖ እንደሚሄድ ሲያወራ እኔ «የትም አልሄድም፤ ያው መርካቶ ነኝ» እላለሁ። እስከ 2017 ዓ.ም. ክረምት ድረስ ይህን የምለው አንገቴን ደፍቼ ነበር። በዚያ ክረምት ግን የአክስቴ ልጅ ከደብረ ማርቆስ መጥቶ ሦስት ሳምንት እኛ ቤት ሰነበተ። ከዚያ ወዲህ አሳቤ ስለ ተለወጠ፥ በዕረፍት ጊዜ መርካቶን ማየት ለሚፈልግ ተማሪ ይጠቅም ይሆናል ብዬ የተማርኩትን እዚህ ጽፌዋለሁ።

እንግዳችን ገና ከአውቶቡስ ተራ ስንወጣ «መርካቶ ማለት ምን ማለት ነው?» አለኝ። ተወልጄ ባደግኩበት ሰፈር መልሱ ጠፋኝ። በኋላ ጠይቄ እንደ ተረዳሁት ቃሉ በኢጣልያንኛ «ገበያ» ማለት ነው፤ ስለዚህ «መርካቶ ገበያ» የምንለው «ገበያ ገበያ» እንደ ማለት ነው። ቀድሞ የከተማው ትልቅ ገበያ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጠላት በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባን ከያዘ በኋላ አውሮፓውያንን ከአገሬው ለመለየት አስቦ የኢትዮጵያውያኑን ገበያ ወደ ምዕራብ አዛወረው። ጠላት በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ገበያው ከነስሙ ቀረ። «ሊስትሮ»፥ «ጎማ»፥ «ፉርኖ» የሚሉት ቃላትም የመጡት ከዚያው ቋንቋ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄው ስለ ብርዱ ነበር። በጂኦግራፊ እንደ ተማርነው አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን ወደ 9 ዲግሪ ግድም ላይ ስለምትገኝ በሐሩር ክልል ውስጥ ናት። ነገር ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላላት፥ በነሐሴ ወር መርካቶን የሚጎበኝ ሰው ጃንጥላና ቦት ጫማ ያስፈልገዋል። ጭቃውን የሚፈራ እቤቱ ይቀመጥ። ገንዘብንም በኋላ ኪስ መያዝ አይገባም።

ጕብኝታችንን የጀመርነው ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ከአንዋር መስጊድ ነው። ሁለቱ እጅግ የተቀራረቡ ስለሆኑ የአንዱ ደወልና የሌላው አዛን እኛ ቤት ድረስ አብረው ይሰማሉ። ዓርብ ቀትር ላይ ሰጋጁ ከመስጊዱ አልፎ መንገዱን ስለሚሞላ በዚያ ሰዓት በሌላ በኩል መዞር ይሻላል።

ከዚያ ወደ በርበሬ ተራ ሄድን። እንግዳዬ ሳያስነጥስ አሥር እርምጃ መራመድ አልቻለም፤ እኔም እንደ ለመደ ሰው ልስቅበት ስል አስነጠስኩ። ሻጮቹ የማረቆን በርበሬ በቀለሙና በሽታው ከሌላው ይለያሉ። በዚህ ሰፈር ፈረሱላ የሚባለው ሚዛን አልጠፋም፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። አንድ ነጋዴ ቆም ብለን ማየታችንን አይተው «እስቲ ተማሪዎች፥ በኩንታል ውስጥ ስንት ፈረሱላ አለ?» አሉን። አምስት ፈረሱላ ወጥቶለት 15 ኪሎ ይተርፋል፤ ስድስተኛው ሊሞላ 2 ኪሎ ይጎድለዋል። መልሱን ቀድሞ ያገኘው እንግዳዬ ነው። ኮረሪማ የገዛ አገራችን የደቡብ ምዕራብ ደን ፍሬ ሲሆን፥ ጎኑ የተቀመጠው ቅርንፉድ ግን መነሻው በኢንዶኔዥያ ያሉት የሞሉካ ደሴቶች ናቸው፤ ኋላም ዛንዚባር በእርሱ ታወቀች። ሁለቱን አንዲት ሴት በአንድ መደብ ላይ ትሸጣቸዋለች።

ምናለሽ ተራ ደግሞ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። «ቁራሌው» እያሉ በየሰፈሩ የሚዞሩት ልጆች የሚሰበስቡት ቆርቆሮ፥ ጠርሙስና ብረት የሚደርሰው እዚያ ነው። በርሜሉ ተቀዶና ተቀጥቅጦ የከሰል ምድጃ ይሆናል፤ የመኪናው ጎማ ተቆርጦ በረባሶ ይሆናል። የመዶሻው ድምፅ ስለሚበዛ መነጋገር የሚቻለው በምልክት ነው።

አሁን ዋናውን ልናገር። አክስቴ ለባሏ ጋቢ እንዲገዛላት ለልጇ 5,000 ብር ሰጥታው ነበር። የነገረችው ሱቅ በሸማ ተራ በኩል ነበር፤ እኛ ስንፈልገው ግን አላገኘነውም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ በሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ ብዙ ሱቆችን አጥፍቷል፤ መንገዱ ጠባብ በመሆኑም የእሳት አደጋ መኪናዎች ለመግባት ተቸግረው ነበር። እኔም «ግድ የለም፥ መርካቶን የማውቀው እኔ ነኝ» ብዬ ወደ ሌላ ሱቅ ወሰድኩት። ሻጩ 3,800 ቢለን ተከራክሬ በ3,000 ብር ገዛሁና እየኮራሁ ወደ ቤት ተመለስኩ።

አያቴ ጋቢውን በሁለት ጣታቸው ዳሰስ አድርገው «ይህ ሸማኔ አያውቀውም» አሉ። ወዲያው ተመልሰን ሄድን፤ ሻጩ ግን «የተሸጠ አይመለስም» ብሎ ፊቱን አዞረ። እያዘንን ስንመለስ አንዲት ጋቢ የሚሸጡ እናት «ምን ሆናችሁ፥ ልጆቼ?» ብለው አስቆሙን፤ ነገሩን ብንነግራቸው አጠገባቸው አስቀምጠው አስተማሩን።

በእጅ የተሠራ ሸማ ስፋቱ የሸማኔው እጅ መወርወሪያውን ከወዲህ ወዲያ ከሚወረውርበት ልክ አይበልጥም። ስለዚህ እውነተኛ ጋቢ ከአንድ በላይ ስንጥቅ ተጋጥሞ ይሰፋል፤ መካከሉ ላይ ስፌቱ ይታያል። የእኛ ጋቢ ስፌት አልነበረውም። ድሩ ዛሬ የፋብሪካ ክር ነው፤ ማጉ ግን በእንዝርት የተፈተለ ስለሆነ አንድ ቦታ ወፍሮ አንድ ቦታ ይቀጥናል። የእኛው ከዳር እስከ ዳር እኩል ነበር። በመጨረሻ ከጫፉ አንዲት ክር መዘው በክብሪት ለኮሱት። ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፤ የእኛ ግን ቀልጦ እንደ ዶቃ ጠጠረ። ይህን ሙከራ በኬሚስትሪ ክፍል ሳንሠራው በመርካቶ መደብ ላይ ሠራነው። እሳቸው ግን ሻጩን አልሰደቡትም። «በርካሽ የሚፈልግ ሲበዛ ርካሹ ይመጣል፤ የሚጎዳው ፈታይዋና ሸማኔው ነው» ብለው ዝም አሉ። ይህን ሲሉ ዋጋ በማስወረዴ የኮራሁት ትዝ ብሎኝ አፈርኩ።

የእሳቸው ጋቢ፥ አራት እጥፍና በእጅ የተሠራ፥ 4,300 ብር ነበር። እንዲቀንሱልን አልጠየቅኋቸውም። በእጃችን የቀረው 2,000 ብር ስለ ነበር ለጫማ ያስቀመጥኩትን 1,700 ብር አመጣሁ፤ የጎደለውን 600 ብር አያቴ መቀነታቸውን ፈትተው ሰጡን።

እንግዳዬ ጳጉሜን 3 ቀን ጧት፥ የዓመት በዓል ዶሮና ቄጤማ የሚገዛው ሕዝብ መንገዱን ሞልቶት ሳለ፥ ጋቢውን በፌስታል ጠቅልሎ ከአውቶቡስ ተራ ወደ ደብረ ማርቆስ ተሳፈረ። አክስቴ በስልክ ደውላ «ልጄ ሸማ መምረጥ የት ተማረ?» ብላ አመሰገነች። የቀረውን አልነገርናትም፤ ይህ መጽሔት እጅዋ ከገባ ግን ታነበዋለች። የፋብሪካው ጋቢ እኔ ዘንድ ቀርቷል፤ አሁንም ሌሊት የምለብሰው እሱን ነው።