ስለ ጢስና ስለ ሳንባ የተሰጠ ትምህርት



ከጎንደር ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው በእንፍራንዝና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች እንጀራ በብዙው ቤት የሚጋገረው በእንጨት፣ በኩበትና በአገዳ ነው። እሳቱ በሦስት ጉልቻ መካከል ይነዳል፤ በብርድ ጊዜም በሩ ይዘጋል። «ጢስ መውጫ አያጣም» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን መውጫውን እስኪያገኝ ድረስ የቤተሰቡ ሳንባ ይቀበለዋል።

ጢስ በሳንባ ውስጥ ምን ያደርጋል?

የምንተነፍሰው አየር በአፍንጫና በጉሮሮ አልፎ በትንፋሽ ቧንቧ ይወርዳል። ቧንቧው እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ እየተከፋፈለ ይሄድና በጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ያልቃል። በግድግዳው ላይ አክታና በዓይን የማይታዩ ፀጉሮች አሉ፤ አክታው ቆሻሻውን ይይዛል፤ ፀጉሮቹ ወደ ላይ ጠርገው ያወጡታል። በየቀኑ የሚገባ ጢስ ግን እነዚህን ጠራጊዎች ያደክማል፤ ቧንቧውን ያሳብጣል፤ አክታውን ያበዛል። የማይለቅ ሳል የሚመጣው ከዚህ ነው።

ከጢሱ ውስጥ በጣም የሚጎዱት ደቃቅ ብናኞች ናቸው። ውፍረታቸው የራስ ፀጉር ውፍረት አንድ ሠላሳኛ ያህል ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ እስከ አየር ከረጢቶቹ ድረስ ይዘልቃሉ። በዚያም በሽታን የሚከላከለውን የሰውነት ኃይል ያዳክማሉ። ስለዚህ እናቱ ስትጋግር በጀርባዋ የታዘለ ሕፃን በሳንባ ምች በቀላሉ ይያዛል። እናቲቱም ከብዙ ዓመት በኋላ ቧንቧዋ እየጠበበ ዳገት መውጣት ያቅታታል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደገመተው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ ጢስ ምክንያት በዓለም 3.2 ሚሊዮን ሰዎች ሞተዋል፤ ከነዚህም ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት ናቸው።

ምድጃ ብቻ ይበቃልን?

በሲሚንቶ የሚሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ ምድጃ እሳቱን ከብቦ ስለሚይዝ ማገዶን እስከ ግማሽ ይቆጥባል። ጥሩ ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። በማላዊ አገር ለገጠር ቤተሰቦች የተሻለ ምድጃ ታድሎ ነበር፤ በ2016 እ.ኤ.አ. የወጣው ውጤት ግን የሕፃናቱ የሳንባ ምች እንዳልቀነሰ አሳየ። ጢስ ከሌላም ከሌላም በኩል ይመጣልና። እንግዲህ ጢሱን መቀነስ ብቻ ሳይሆን ከሰው ማራቅም ያስፈልጋል።

ስለዚህ የሚከተለውን አድርጉ።

1ኛ. ማገዶውን ፈልጣችሁ ከዝናብ በተጠለለ ቦታ አድርቁ። እርጥብ እንጨት ብዙ ይጨሳል።

2ኛ. ማድ ቤቱን ከመኝታ ቤት ለዩ፤ በጣሪያው ሥር ጢስ ማውጫ፣ በግድግዳው ላይ መስኮት ክፈቱለት። ቤቱን የምትሠሩት እናንተ ወንዶች ናችሁና «የሴት ሥራ ነው» ብላችሁ አትተዉት።

3ኛ. ሚስትህ በምትጋግርበት ጊዜ ሕፃኑን ተቀብለህ ያዝ፤ ወይም አያቱ በደጅ ይያዙት።

4ኛ. ኩበት ብዙ ይጨሳል። እበቱ ለማሳችሁ ፍግ ነውና በተቻለ መጠን ወደ እርሻ መልሱት፤ ለማገዶ የሚሆን ዛፍ በድንበር ላይ ትከሉ።

5ኛ. የከሰል ፍም በተዘጋ ቤት ይዛችሁ አትተኙ። ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይዞ በእንቅልፍ ይገድላል።

የሳንባ ምች ምልክት

ሕፃኑ ካሳለ ወይም መተንፈስ ከከበደው፣ ሳያለቅስ ጸጥ ባለ ጊዜ ልብሱን ገልጣችሁ የደረቱን መነሣት አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ለሆነ 60፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወይም ሲተነፍስ የደረቱ ታችኛ ክፍል ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ነገ ሳትሉ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የልማት ሠራተኞች ሆይ፤ ይህን ቁጥር አጥንታችሁ በየቤቱ አስተምሩ። ገበሬዎችም ዛሬ ማታ እሳቱ ሲነድ ወደ ጣሪያው ቀና ብላችሁ እዩ፤ ጥላሸቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ታያላችሁ። እዚያ የተለጠፈውን የሚመስል በልጆቻችሁ ሳንባም ይገባል።