ምዕራፍ 9፦ ከቸርኬው ጀርባ ያለው ቁጥር

ቸርኬ ሊለውጥ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ስንት ቁጥር ነው?» ብሎ ነው። ሻጩም የሚያሳየው ፊቱን ነው፤ ጥቁር፣ ብርማ፣ ባለ አምስት እግር፣ ባለ አሥር እግር። መኪናዋ ከቦሌ ሳር ቤት ስትመላለስ የምትውል ከሆነ በዚህ ብቻ መርጦ መውጣት ብዙ ላይጎዳ ይችላል። ነሐሴ ሲገባ ግን የዋግ ልጅ ልቡ ቤቱ አይቀመጥም። ከነሐሴ 16 ጀምሮ ሰቆጣ ላይ የሻደይ በዓል ነው፤ እናት አባት ይጠብቃሉ፤ ክረምቱም ገና አልወጣም። ከአዲስ አበባ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ ከወልድያ ወዲያ ሁለት ምርጫ አለ፦ በቆቦና በአላማጣ ዞሮ፣ የግራ ካሕሱን ጠመዝማዛ ወጥቶ በኮረም፤ ወይም በላሊበላና በቢልባላ በኩል። በየትኛውም ቢሄዱ ኮረኮንች አይጠፋም። እዚያ ላይ ቸርኬውን የሚያተርፈው ከጀርባው በትንንሹ የተቀረጸው ቁጥር ነው።

ባለ ሁለት በር ስፖርት መኪና ይዞ ዋግ ኽምራ መውጣት በራሱ አከራካሪ ነው። የኔን ምክር ከጠየቁኝ ኩፔዋን ወልድያ አሳድረው ቀሪውን በሚኒባስ ይጨርሱት። ይህን ምክር የሚሰማ ሰው ግን ብዙ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በዚያ ላይ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለችውን አሳምሮ መያዝ የብዙ ሰው ሐሳብ ሆኗል። ስለዚህ ቁጥሮቿ በግልጽ የሚታወቁትን ቶዮታ 86ን ይዘን እንሂድ፤ ስሌቱ ለሴሊካም ለሃዩንዳይ ኩፔም ያገለግላል።

ይቺ መኪና ከፋብሪካ በብዛት የምትወጣው በ17 ቁጥር ቸርኬና በ215/45 ጎማ ነው። ባለቤቷ ብዙውን ጊዜ የሚመኘው 18 ነው። ጎማው 225/40 ይሆናል ማለት ነው። አሁን የጎማውን ጎን እንለካ። በ17ቱ ላይ ከቸርኬው ከንፈር እስከ መሬት ያለው ላስቲክ 97 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በ18ቱ 90 ይሆናል። ወደ 16 ወርደው 205/55 ቢያስሩ ግን 113 ሚሊ ሜትር ያገኛሉ። ድንጋይ ሲመታ ምቱን የሚቀበለው ይህ ላስቲክ ነው፤ እሱ ሲያልቅ ቀጣዩ ተረኛ ቸርኬው ነው። 16 ቁጥር የሚለውን ከኪሴ አላወጣሁትም፤ ቶዮታ ራሱ ለጃፓን ገበያ ዝቅተኛውን ሞዴል በዚሁ ልክ ነበር የሚያወጣው። ፍሬኗ ውስጥ ይገባል፣ የጎማው ጠቅላላ ቁመትም ከ17ቱ የሚለየው በአንድ በመቶ ብቻ ስለሆነ የፍጥነት ቆጣሪው አይዛባም። (በአጠቃላይ ከ3 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ይተዉት።)

በዚህ ላይ የክብደቱ ጉዳይ አለ። በጎማው ጎን ከመጠኑ ቀጥሎ የሚጻፈው ቁጥር የሚሸከመውን ይናገራል። በዚያ 215/45 ላይ የሚገኘው 87 ማለት አንዱ ጎማ 545 ኪሎ ይችላል ማለት ነው፤ በ205/55ቱ ላይ ያለው 91 ደግሞ 615 ኪሎ። ትንሹ ቸርኬ ላይ ያለው ጎማ የበለጠ ይሸከማል። ሁለት ሰው፣ አንድ ኩንታል ጤፍና የቤተሰብ ስጦታ ጭኖ ለሚወጣ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በባትሪ የምትሄድ መኪና ላይ ቸርኬ የሚለውጥ ሰው ደግሞ ይህን ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ ይመልከት፤ ባትሪው መኪናዋን በጣም ያከብዳታል።

አሁን ቸርኬውን እንገልብጠው። ከጀርባው እንደ «16 በ6.5»፣ «5 በ100»፣ «ኢቲ 48» ያሉ ጽሑፎች ይገኛሉ። 5 በ100 ማለት አምስት ቡሎኖች 100 ሚሊ ሜትር በሆነ ክብ ላይ ተደርድረዋል ማለት ነው። ኮሮላ እንደ ዘመኑ ባለ 4 በ100 አለ፣ ባለ 5 በ114.3 አለ። በጣም አሳሳቹ የጀርመን መኪኖች 112 ነው፤ ከ114.3 በሁለት ሚሊ ሜትር ብቻ ስለሚያንስ ዳዶው ይይዛል፣ ይጠብቃልም፣ ቸርኬው ግን ገጥሞ አይቀመጥም። እንዲህ የታሰረ ጎማ ኮረኮንች ላይ ሲንቀጠቀጥ ቡሎኑን ይቆርጠዋል። «ትንሽ ገፋ አድርጎ ይገባል» የሚል ባለሙያ ካጋጠመዎት ቁልፍዎን ተቀብለው ይሂዱ።

የመሃሉ ቀዳዳ ሌላው ነው። የ86 ሞዞ 56.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሴሊካ 54.1። ሁለቱም 5 በ100 ስለሆኑ ሶማሌ ተራ ያገኙት የሴሊካ ቸርኬ ቡሎኑን ያልፋል፣ ሞዞው ላይ ግን ይቆማል። እዚህ ላይ ቶርኖ ቤት ወስዶ መሃሉን ሁለት ሚሊ ሜትር ማስፋት ይቻላል፤ ጥሩ ቶርኒተር ካገኙ አልቃወምም። የቡሎን ቀዳዳዎችን ሞልቶ እንደገና መብሳት ግን ፈጽሞ አይሞከርም። ቀዳዳው ከሞዞው ሰፍቶ ከተገኘ ደግሞ መሃሉን የሚሞላ ቀለበት ይግዙ፤ ያለ እሱ ቸርኬው መሃሉን ስቶ ከታሰረ መሪው ይንቀጠቀጣል፣ የባላንስ ሠራተኛውም ያለ ጥፋቱ ይወቀሳል።

ኢቲ የሚለውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ቸርኬው ከሞዞው ጋር የሚገጥምበት ፊት ከስፋቱ መሃል ምን ያህል ወደ ውጭ እንደሆነ በሚሊ ሜትር የሚነግር ነው፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጎማው ወደ ውጭ ይወጣል። የ86 የራሷ 17 በ7፣ ኢቲ 48 ነው። በምትኩ 17 በ8፣ ኢቲ 35 ቢያስሩባት በውስጥ በኩል ምንም ለውጥ የለም፣ በውጭ በኩል ግን 26 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወጣል። ቆማ ስትታይ ታምራለች፣ አልክድም። ስትሄድ ግን ያ ጎማ የሚያስፈነጥረው ጠጠርና ጭቃ በሙሉ በሩ ላይ ነው፤ ጉድጓድ ስትገባም ፓራፋንጎውን ሊነካ ይችላል፣ ኩሽኔታውም ያልታሰበለትን ጫና ይሸከማል። ከፋብሪካው ቁጥር ከአምስት ከስድስት ሚሊ ሜትር በላይ አለመራቅ ለዚህ መንገድ ይበቃል።

ያገለገለ ቸርኬ የሚገዛ ሰው ፊቱ ላይ ባለው ጭረት ዋጋ ይከራከራል፤ ስንጥቁ ግን የሚጀምረው ብዙ ጊዜ በውስጠኛው ከንፈር ላይ ነው። አንድ ርካሽ ምርመራ አለ። ያንን ከንፈር በደንብ አጥበው ያድርቁት፤ በነጭ ጋዝ በራሰ ጨርቅ ዙሪያውን ያብሱት፤ ጥቂት ቆይተው በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉት። ከዚያ ጠመኔ አድቅቀው ይነስንሱበት። ስንጥቅ ካለ የገባበት ጋዝ ተመልሶ ሲወጣ በነጩ ዱቄት ላይ ቀጭን፣ እርጥብ መስመር ይሰምራል። ሻጩ ይህን ሲያይ ቢቆጣ ሌላ ሻጭ አለ። በጃፓን ደረጃ የተሠራ ከሆነ «ጄደብሊውኤል» የሚል ምልክት ይቀረጽበታል፤ ምልክቱም ተመስሎ ሊሠራ ስለሚችል የጋዙን ምርመራ አያስቀርም።

ብረት ወይስ አሎይ? ለሰቆጣ መንገድ ብረቱን እመርጣለሁ፤ ብረት ይታጠፋል፣ የትም ያለ ጎሚስታ በመዶሻ ይመልሰዋል። አሎይ ግን ይሰነጠቃል፤ እዚያ ደግሞ ከአስተማማኝ ብየዳ ርቀዋል። ቢያንስ አምስተኛው፣ ስኮርታው፣ በልኩ የተገዛ ብረት ይሁን። ጎማውንም ሲገዙ ባለ አራት አሃዙን የምርት ቀን ያንብቡ። 2319 የሚለው በፈረንጆቹ 2019 23ኛው ሳምንት ነው፤ በእኛ ግንቦት መጨረሻ 2011። «19 ይላል፣ አዲስ ነው» ተብሎ የተሸጠለት ሰው አይጠፋም።

ማሰሩ ላይ ዳዶው ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው። 86 ስሟ ቶዮታ ቢሆንም የተሠራችው ከሱባሩ ጋር ነው፤ የቡሎኗ ጥርስም የሱባሩ፣ 12 በ1.25 ነው። የኮሮላ ዳዶ 12 በ1.5 ነው። ሁለቱ ጥቂት ዙር ይያያዛሉ፣ ከዚያ ጥርሱን ይፈጩታል። ስለዚህ ሁሉንም ዳዶ በእጅ ያስገቡ፤ በጣት የማይዞር ዳዶ በቁልፍ አይገደድም። የዳዶው መቀመጫም ከቸርኬው ይግጠም፦ ከገበያ የሚገዙት ቸርኬዎች በብዛት ሾጣጣ ይፈልጋሉ፣ የቶዮታ የራሱ አሎይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ባለ ጠፍጣፋ ነው።

የሞዞውን ፊት ከዝገት በብሩሽ ያጽዱ፤ ጥርሱ ላይ ግሪስ አይቀቡ። በኮከብ ቅርጽ እያቋረጡ ያጥብቁ፣ የመጨረሻውንም ጎማው መሬት ከነካ በኋላ። ለ86 ልኩ 120 ኒውተን ሜትር ነው፤ 40 ሳንቲ ሜትር ክንድ ባለው ቁልፍ ጫፍ ላይ የ30 ኪሎ ግፊት ማለት ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ወጣት ቁልፉ ላይ ወጥቶ ሲቆምበት ልኩ ከእጥፍ ያልፋል፤ ቡሎኑ ይሳባል፣ ጎማ ፈንድቶ ብቻዎን መፍታት ሲያስፈልግዎትም አይላቀቅም። «በእጅህ ይበቃል፣ የኔ ወንድም» ብለው ያውርዱት። አዲስ የታሰረ ቸርኬ ከመቶ ኪሎ ሜትር ገደማ በኋላ ጥብቀቱ ይፈተሻል፤ ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው ደብረ ብርሃን ቁርስ ላይ ይደርሳል።

ስለ ንፋስ አንድ ነገር። አላማጣ 1,500 ሜትር አካባቢ ነው፣ ኮረም 2,500። ሽቅብ ሲወጡ የውጭው አየር ስለሚሳሳ መለኪያው አንድ ተኩል ፒኤስአይ ያህል ጨምሮ ያነባል፤ የደጋው ብርድ ደግሞ አንድ ያህሉን መልሶ ይወስዳል። ዳገቱን የጨረሰ ጎማ የጋለ ስለሆነ የበለጠ ያሳያል፣ አንዳንዱም ደንግጦ ያስተነፍሳል። አያስተንፍሱ፤ ሌሊቱን አድሮ ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ያገኙታል፣ የጎደለ ጎማ ደግሞ ቸርኬውን ለድንጋይ አሳልፎ ይሰጠዋል። በሾፌሩ በር ላይ ከተለጠፈው ልክ ጋር የሚመሳከረው ጠዋት፣ መኪናዋ ከመነሳቷ በፊት ነው።

በመልሱ ጉዞ ወልድያን አልፈው ፍጥነት ሲጨምሩ መሪው መንቀጥቀጥ ከጀመረ ባላንስ ቤት ከመሮጥዎ በፊት ጎንበስ ብለው ከቸርኬው እግሮች ጀርባ ይመልከቱ። የዋግ ጭቃ ውስጠኛው በርሜል ላይ በአንድ በኩል ደርቆ ይይዛል፤ አንድ ጀሪካን ውኃና ብሩሽ ይበቃዋል።