ስለ ጃንሜዳ፤ የሕዝብ መሰብሰቢያ ስፍራ ጥቅም

ሰው ለብቻው መኖር የማይችል ፍጥረት ነውና፥ ከቤቱና ከእርሻው ሌላ ከባልንጀራው ጋራ የሚገናኝበት ሰፊ ስፍራ ያስፈልገዋል። ስለዚህ በየአገሩ ሽማግሎች ለዳኝነት የሚቀመጡበት የዋርካ ጥላ፥ ልጆች የሚጫወቱበት መስክ፥ ታቦት የሚያድርበት ባሕረ ጥምቀት ይገኛል። በአዲስ አበባ ከተማ እንዲህ ካለው ስፍራ ስሙ እጅግ የታወቀው ጃንሜዳ ነው።

ጃንሜዳ ከከተማው በስተሰሜን፥ በስድስት ኪሎ አጠገብ ይገኛል። ስሙም የጃንሆይ ሜዳ ማለት ነው። በ1909 ዓመተ ምሕረት ጥቅምት 17 ቀን የሰገሌ ጦርነት ከተፈጸመ በኋላ፥ ድል ያደረገው ሠራዊት በንግሥት ዘውዲቱ ፊት የተሰለፈው በዚሁ ሜዳ ነበር። ፈረሰኞች ጉግስ ሲጋልቡበት፥ ጎረምሶችም በገና በዓል ሩር ሲመቱበት ኖረዋል።

በያመቱም ጥር 10 ቀን፥ በከተራ ዕለት፥ ታቦታት ከየአድባራቱ ወጥተው በካህናትና በምእመናን ታጅበው ወደ ሜዳው ይወርዳሉ፤ በድንኳንም ያድራሉ። በማግሥቱ ጥር 11 ቀን ውሃው ተባርኮ በሕዝቡ ላይ ይረጫል። በዚያን ጊዜ ባለጸጋና ድኻ፥ ሽማግሌና ሕፃን በአንድ ሣር ላይ ይቆማሉ። የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፥ የሳይንስና የባህል ድርጅትም የጥምቀትን በዓል በ2012 ዓመተ ምሕረት ከዓለም ሕዝብ ቅርሶች ጋራ መዝግቦታል።

በዚያው ዓመት የኮሮና በሽታ ወደ አገር ገባ። አትክልት ተራ የሚባለው ገበያ የተጨናነቀ ስለ ነበረ፥ ሰው ከሰው ተራርቆ እንዲገበያይ ብለው ነጋዴዎቹን ወደ ጃንሜዳ አዛወሩዋቸው። ሜዳው ባዶ ሆኖ ባይጠበቅ ኖሮ በመከራ ቀን እንዲህ ያለ ስፍራ ከወዴት በተገኘ ነበር? ነገር ግን ዝናሙ በመጣ ጊዜ መሬቱ በመኪና ጎማ ተረግጦ ጭቃ ሆነ፤ የበሰበሰ አትክልትም በላዩ ተከመረ። ሕዝቡም የጥምቀት በዓል ማክበሪያው እንዳይጠፋበት አዘነ። በ2013 ዓመተ ምሕረት ከጥምቀት አስቀድሞ ገበያው ወደ ሌላ ስፍራ ተነሣ፤ ሜዳውም ተጠረገ፤ በዓሉም እንደ ልማዱ በዚያው ተከበረ።

ከዚህ ነገር ሁለት ቁም ነገር ይገኛል። መጀመሪያ፥ ያልታረሰና ያልተሠራበት የጋራ መሬት ጥቅም የለውም ማለት ስሕተት ነው። ሁለተኛ፥ የጋራ ስፍራ ለችግር ቢውል ነውር የለበትም፤ ነውሩ ችግሩ ካለፈ በኋላ ሳይመልሱት መቅረት ነው። በአገር ቤትም አንዱ ገበሬ ከመስኩ አንድ ትልም ገፍቶ ቢያርስ፥ ሁለተኛውም እርሱን አይቶ ቢከተል፥ ከጥቂት ዘመን በኋላ ለልጆች መጫወቻ፥ ለሽማግሎችም መቀመጫ አይተርፍም። የሁሉ የሆነውን ሁሉም ሊጠብቀው ይገባል።

ጥያቄ።
1ኛ፤ ጃንሜዳ ማለት ምን ማለት ነው?
2ኛ፤ በ2012 ዓመተ ምሕረት ገበያው ወደ ጃንሜዳ ስለ ምን ተዛወረ?
3ኛ፤ በመንደሩ ውስጥ የጋራ የሆነው ስፍራ የትኛው ነው? የሚጠብቀውስ ማን ነው?