ከቢላው በፊት እጢው ይታወቅ

ጥያቄ፦ የምኖረው ከሮቤ ወጣ ብሎ ባለ ገጠር ነው። በጎቻችንን ከጅብ የምትጠብቅ የሰባት ዓመት ሴት ውሻ አለችን። ከብልቷ ደም መንጠባጠብ ከጀመረ ሁለት ወር አለፈው፤ አሁን ቀይ ሥጋ ብቅ ብሏል። ጎረቤቴ «ቆርጠህ ጣለው» ይለኛል። በቀዶ ሕክምና ትድናለች? ለልጆቼስ አይተላለፍም?

መልስ፦ በቤትዎ እንዳይነኩት አደራ። ቦታው ደም ሥር የበዛበት ነው፤ የሽንት መውጫዋም ከብልቷ ውስጥ ስለሚከፈት በስህተት ሊቆረጥ ይችላል። እጢው ግን ልጆችዎን አያሰጋቸውም፤ ወደ ሰው አይተላለፍም።

ውሻ ወንድ ስትፈልግ የምትደማው ከሦስት ሳምንት ብዙ አይበልጥም። ሁለት ወር ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ውሾች ሲገናኙ የሚተላለፈውን እጢ ነው። ነገሩ ድንቅ ነው፤ የሚተላለፈው ጀርም ሳይሆን የካንሰሩ ሕዋስ ራሱ ነው፤ ከአንዷ ወጥቶ በሌላው ላይ ይተከላል። የውሻ ሕዋስ 78 ክሮሞዞም ሲኖረው የዚህ እጢ ሕዋስ ግን 59 ገደማ ብቻ አለው። መልኩ አበባ ጎመን ይመስላል፣ ሲነኩት ይደማል። ሐኪሙ ከላዩ በጥቂቱ ወስዶ በስላይድ ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ቢያየው ይለየዋል።

ይህኛው ከሆነ ቢላ አይቅደም። ተቆርጦ ብቻ ሲተው ብዙ ጊዜ ይመለሳል። መድኃኒቱ ቪንክሪስቲን ነው፤ በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር ይሰጣል፣ አብዛኞቹ ከአራት እስከ ስድስት መርፌ ውስጥ ይድናሉ። የሚሰጠው ሐኪም ብቻ ነው፤ ከደም ሥሩ ከፈሰሰ ሥጋ ያበላሻል፤ የደም ሕዋስ ስለሚቀንስም በየጊዜው ደሟ መታየት አለበት። በእነዚያ ሳምንታት ሽንቷንና እዳሪዋን ያለ ጓንት አይንኩ፤ ነፍሰ ጡር ሴትም አትጠጋው።

እጢው ላዩ ልሙጥ፣ ሲነኩት ጠጣር ሆኖ ቀስ እያለ ያደገ ከሆነ ግን የጡንቻ እጢ ሊሆን ይችላል። ባልመከኑ፣ ዕድሜያቸው በገፋ ውሾች ላይ ይታያል፤ አብዛኛውም አደገኛ አይደለም። ቀዶ ሕክምና የሚያድነው እንዲህ ያለውን ነው። ሐኪሙ የሽንት ቧንቧዋ እንዳይጎዳ ካቴተር ያስገባል፤ ከብልቷ የላይኛው ጫፍ ወደ ፊንጢጣዋ አቅጣጫ ከፍቶ እጢውን ከሥሩ ያወጣል። እጢውን የሚመግበው የሴት ሆርሞን ስለሆነ ማሕፀኗና የእንቁላል እጢዎቿም በዚያው ቢወጡ ይመረጣል። ከዚያ በኋላ መመለሱ ብርቅ ነው።

ሮቤና ጎባ ደጋ ናቸው፣ ሌሊቱም ብርድ ነው። ማደንዘዣው ሰውነቷን ስለሚያቀዘቅዝ የመጀመሪያዋን ሌሊት ውጭ እንዳታድር፤ ደረቅ ጭድና ብርድ ልብስ ይዘጋጅላት።

እስኪሽራት ድረስ ትታሰር፤ የሚተላለፈው እጢ ከሆነ የሚያገናኛት ወንድ ሁሉ ሊይዘው ይችላል። ስትድን፣ እስከዚያ ካልመከነች፣ ትምከን፤ የእብድ ውሻ ክትባትም ትውሰድ። ይህን አጥብቄ የምለው አካባቢዎን ስለማውቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2003 በዌብ ሸለቆ የገባው የእብድ ውሻ በሽታ ቀይ ቀበሮዎችን በብዛት የፈጀው ከውሾች ተነሥቶ ነው። በዓለም ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ከግማሽ በላይ የሚኖሩት ደግሞ እናንተው ዘንድ፣ ባሌ ነው።

አሁን ወደ ሮቤ ወይም ጎባ የእንስሳት ክሊኒክ ይውሰዷትና የስላይድ ምርመራ ይጠይቁ። መጨረሻ የወለደችበትን ወርና ደሙ የጀመረበትን ቀን ጽፈው ይያዙ። መድኃኒቱ ወይም ቀዶ ጥገናው እዚያ ካልተገኘ ቢሾፍቱ ወዳለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እንዲልኳት ይጠይቁ፤ ሲሄዱም ስላይዱን ይዘው ይሂዱ።