ሕፃናትን በመስጠትና በማገልገል ምስጋናን ስለ ማስተማር

ምስጋና የአፍ ቃል ብቻ ቢሆን ኖሮ ለሕፃን ለማስተማር አንድ ቀን በበቃ ነበር። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ በል» ተብሎ የታዘዘ ልጅ ቃሉን ወዲያው ይደግመዋል፤ ነገር ግን ቃሉን በመድገምና ትርጓሜውን በማወቅ መካከል ያለው መንገድ ረዥም ነው። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» የሚል ሰው፥ ያደረግህልኝን መመለስ አይቻለኝምና እርሱ በእኔ ፈንታ ይክፈልህ ማለቱ ነው። እንግዲህ በዚህ አጭር ቃል ውስጥ ሦስት ወገኖች አሉ፤ እነርሱም ሰጪው፥ ተቀባዩና የሁሉ ባለቤት እግዚአብሔር ናቸው። ሁልጊዜ ተቀባይ ብቻ ወይም ሁልጊዜ ሰጪ ብቻ ሆኖ ያደገ ልጅ ምስጋናው ጎደሎ ይሆናል። ስለዚህ ልጅን ምስጋና ለማስተማር በሁለቱም ስፍራ ማቆም ያስፈልጋል።

1ኛ፤ መቀበልን ስለ መማር

በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን የአብነት ትምህርት ቤት ይህ ነገር ከጥንት ጀምሮ በሥራ ሲገለጥ ኖሯል። ቅኔ ሊማር ወደ ጎጃም ዋሸራ፥ ድጓ ሊማር ወደ ጋይንት ቤተ ልሔም የሚሄድ የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቦ፥ ከደጅ ወደ ደጅ እየዞረ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ከመካከላቸው በአባቱ ቤት እህል የተረፈው ልጅ አይጠፋም፤ ሆኖም እርሱም እንደ ጓደኞቹ ዱላውን ይዞ ውሻ እየተከላከለ ይለምናል። ቁራሽ የሰጠችውን እናት ስምዋን አያውቅም፤ ውለታዋንም የሚመልስበት ገንዘብ የለውም። ስለዚህ ያለውን ይከፍላል። ለሰጡት ሰዎች ይጸልያል፤ ለመምህሩ ውኃ ይቀዳል፥ እንጨት ይለቅማል፤ ለታመመው ጓደኛው ከአኩፋዳው ያካፍላል፤ ትምህርቱም ከፍ ሲል ታናሹን ያስቀጽላል። በዚህ ዓይነት የተቀበለው ቁራሽ በእርሱ ዘንድ አይቀርም፤ አገልግሎት ሆኖ ወደ ሌላው ይተላለፋል።

ወደ አብነት ትምህርት ቤት የማይሄዱትም ልጆች ከዚህ ሥርዓት አልተለዩም። ነሐሴ 13 ቀን በደብረ ታቦር በዓል ወንዶች ልጆች እየዘፈኑ በየቤቱ ሲዞሩ ሙልሙል ዳቦ ይቀበላሉ፤ ተቀብለው ግን ዝም ብለው አይሄዱም፤ ቤቱን መርቀው ይወጣሉ። መስከረም 1 ቀን ሴቶች ልጆች ባዶ እጃቸውን አይመጡም፤ አበባ ይዘው ይመጣሉ። ዛሬ በከተማ ልጆች ገንዘቡን ብቻ ተቀብለው ምርቃቱን ሲያሳጥሩት ይታያል፤ ወላጆችም ምርቃቱን ካልጠየቁ ከበዓሉ የሚቀረው ለቀማው ብቻ ይሆናል።

2ኛ፤ ከራስ ድርሻ ስለ መስጠት

አባት ገንዘቡን ሰጥቶት ልጁ ለድኃ ቢያደርስ፥ ልጁ መልእክተኛ ሆነ እንጂ ሰጪ አልሆነም። መልእክተኛነትም መጀመሪያ ነውና አይናቅም፤ ነገር ግን በዚያ መቅረት የለበትም።

የዚህን ነገር ደረጃ ለመረዳት ከሌላ ሃይማኖት ሥርዓት አንድ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። በሳውዲ ዐረቢያ ዋና ከተማ በሪያድ፥ ራውዳን በመሰሉ ሠፈሮች ሁሉ፥ እንደዚሁም በኢትዮጵያ ሙስሊሞች ዘንድ፥ የረመዳን ጾም ሲፈጸም የፍጥር ዘካ ይወጣል። መጠኑ በነፍስ ወከፍ አንድ ሷዕ ሲሆን በሚዛን ከ2 ኪሎ ተኩል እስከ 3 ኪሎ ያህል እህል ይሆናል። ድኃውም በበዓሉ ቀን እንዲጠግብ ከዒድ ሶላት አስቀድሞ ይሰጣል። ጡት ለሚጠባው ሕፃን እንኳ አባቱ ድርሻውን ይሰፍርለታል። እንግዲህ ልጁ መስጠት ምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ከሰጪዎች ጋር ተቆጥሯል። ነፍስ ባወቀ ጊዜ ደግሞ መስፈሪያውን ራሱ ቢይዝና እህሉን ተሸክሞ ቢያደርስ፥ የአባቱ ሥራ የእርሱም ሥራ ይሆናል።

በክርስቲያኖችም ዘንድ በጾም ወራት ከማዕድ የቀነሰው ምግብ ለተራበ እንዲሰጥ የቆየ ትምህርት አለ። አቅሙ የሚፈቅድለት ልጅ ከድርሻው ጥቂት አስቀርቶ በእጁ ቢሰጥ፥ የቀረበትን ያውቀዋል። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 21 የተመሰገነችው መበለት ሁለት ሳንቲም ብቻ ሰጠች፤ የተመሰገነችውም ከጉድለትዋ ስለ ሰጠች ነው።

3ኛ፤ የአንዲት ተሳላሚ ምሳሌ

በ1980 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወይዘሮ አበበች ጎበና ከአዲስ አበባ ተነሥተው በወሎ ወደምትገኘው ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄዱ። በዚያ ጊዜ አገሩን ረኃብ መትቶት ነበር። በመንገድ ዳር የሞተች እናትዋን ጡት የምትጠባ ሕፃን አገኙ። በእጃቸው የነበረው ዳቦና ጠበል ብቻ ነበር፤ ያንኑ ለተራቡት አካፈሉ፤ ሁለት ልጆችም ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። አንድ ዓመት ሳይሞላ ልጆቹ 21 ደረሱ። ባለቤታቸው ይህን ባለመውደዳቸው ወይዘሮ አበበች ቤታቸውን ትተው ከልጆቹ ጋር ኑሮ ጀመሩ። ከዚህም ጅማሬ በስማቸው የሚጠራው የሕፃናት ክብካቤና ልማት ድርጅት ተመሠረተ። ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ለብዙ ልጆች እናት ሆነው ኖሩ።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ትምህርት ግልጽ ነው። ጠበሉ በረከት ሆኖ ወደ ቤት ሊመለስ የተቀዳ ነበር፤ በመንገድ ግን ለተጠማ መጠጥ ሆነ። ከተሳላሚነት የሚገኝ በረከት ለራስ ብቻ የሚታተም ዕቃ እንዳልሆነ ለልጅ ለማስረዳት ከዚህ የቀረበ ምሳሌ አይገኝም።

4ኛ፤ ሊጠበቁት የሚገባ አደጋ

ብዙ ወላጆች በደጀ ሰላም የተቀመጠውን ድኃ ለልጃቸው እያሳዩ «አንተ ከዚህ ትሻላለህና አመስግን» ይላሉ። አሳባቸው ቅን ነው፤ ትምህርቱ ግን ክፉ ነው። ልጁ የሚያመሰግነው ሌላው ስለ ተራበ ይሆናልና። በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 18 ያለው ፈሪሳዊም ጸሎቱን የጀመረው በምስጋና ነበር፤ ያመሰገነውም እንደ ሌሎቹ ስላልሆነ ነው። በዚህ ዘመን ደግሞ ልጅን ሳንቲም አስይዞ ከድኃው ጋር በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት ተለምዷል። በዚህ ጊዜ ልጁ የሚማረው መታየትን ነው፤ ተቀባዩም ለአንድ ቁራሽ ፊቱን ይከፍላል።

ስለዚህ ልጅ ይዞ ወደ ገዳም የሚሄድ ተሳላሚ የሚከተለውን ቢያደርግ ይጠቅመዋል። ልጁ ሳንቲሙን አይወርውር፤ ዝቅ ብሎ በሁለት እጁ ይስጥ። ተቀባዩ ሲመርቅ ልጁ ቆሞ ምርቃቱን ይስማ፥ «አሜን»ም ይበል፤ በዚያች ሰዓት ሰጪው ተቀባይ ሆኗልና። በገዳሙም በእንግድነት ከበላ በኋላ፥ አቅሙ የፈቀደውን ያህል ውኃ ይቅዳ ወይም ግቢውን ይጥረግ። ወደ ቤቱ ሲመለስ ያስተናገዱትን አስቦ በጸሎቱ ያንሣቸው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 17 ከነጹት ከዐሥሩ ለምጻሞች ሊያመሰግን የተመለሰው አንዱ ብቻ ነበር። ዘጠኙም የተቀበሉት ያንኑ ጤና ነው፤ የጎደላቸው ወደ ሰጪው መመለስ ነበር። ልጅንም ያንን የመመለሻ መንገድ በሕፃንነቱ በእግሩ ማስኬድ የወላጅና የመምህር ግዴታ ነው።

ለጥናት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» በሚለው ቃል ውስጥ ያሉት ሦስት ወገኖች እነማን ናቸው?
2. የቆሎ ተማሪ የተቀበለውን ቁራሽ በምን ይመልሳል?
3. የፈሪሳዊው ምስጋና ከለምጻሙ ምስጋና በምን ይለያል?