የምላስ ቁስል፦ መንስኤውና ሕክምናው

ምላስ ሲቆስል መብላትም መናገርም ይከብዳል። ክፍል ውስጥ እጁን ያወጣ የነበረ ልጅ ዝም ሲል፣ ምሳውን ሳይነካ ወደ ቤት ሲመልስ፣ አንዳንድ ጊዜ ምክንያቱ አፉ ውስጥ ነው። ስለዚህ እኛ የጤና ክበብ አባላት የምላስ ቁስል ከምን እንደሚመጣ፣ ምን እንደሚደረግለትና መቼ እንደሚያሰጋ ለማስረዳት ይህን ጽሑፍ አዘጋጅተናል።

ብዙ ጊዜ የምናየው ቁስል ትንሽና ክብ ነው። መሐሉ ነጣ ወይም ቢጫ ይላል፤ ዙሪያው ይቀላል። ምላስን መንከስ፣ የተሰበረ ጥርስ፣ የሚያቃጥል ሻይ፣ ጭንቀትና የእንቅልፍ ማጣት ያስነሡታል። ይህ ዓይነቱ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ በራሱ ይድናል።

ከንፈር ላይ ውኃ ቋጥሮ የሚወጣውና «ምች» የምንለው ግን ሌላ ነው። መንስኤው ቫይረስ ስለሆነ በመሳሳምና በአንድ ኩባያ በመጠጣት ይተላለፋል። በሕፃናት ምላስ ላይ የሚታይና ሲጠረግ በቀላሉ የማይለቅ ነጭ ሽፋን ደግሞ ብዙውን ጊዜ ፈንገስ ነው። በጨርቅ መፋቅ ያደማዋል እንጂ አያድነውም፤ ኒስታቲን የተባለ ጠብታ በሐኪም ትእዛዝ ይሰጣል።

የምግብ እጥረትም አፍን ያቆስላል። ብረት፣ ፎሌትና ቫይታሚን ቢ12 ሲያንሱ ምላስ ይቀላል፣ ይለሰልሳል፣ ደጋግሞ ይቆስላል። ባቄላና ምስር ፎሌትና ብረት ይሰጡናል፤ ቢ12 ግን የሚገኘው ከሥጋ፣ ከጉበት፣ ከእንቁላልና ከወተት ነው። ቫይታሚን ሲ ሲጠፋ ድድ ያብጣል፣ ይደማል፤ በሽታው ስከርቪ ይባላል። ይህ ለእኛ የሩቅ ታሪክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ድርቅና ጦርነት ሸሽተው ወደ ምሥራቅ ሱዳን በመጡ ኢትዮጵያውያን ካምፖች ውስጥ ስከርቪ ታይቷል። እህልና ዘይት ይታደል ነበር፤ አትክልትና ፍራፍሬ ግን እምብዛም አልነበረም። ዛሬ በጋሽ ወንዝ ዳር ፍራፍሬ በሚበቅልባት ከሰላ ስንኖር፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን ወይም ጥሬ ቲማቲም ወደ ማዕዳችን ብንጨምር ለልጆቻችን ትልቅ ጥቅም ነው።

ቁስሉ ሲወጣ ቤት ውስጥ የሚከተለውን እናድርግ፦

1. ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ብርጭቆ ለብ ያለ ውኃ በጥብጦ፣ በቀን ሦስት አራት ጊዜ መጉመጥመጥና መትፋት።
2. እስኪድን ድረስ በርበሬ፣ ሚጥሚጣ፣ ሎሚና ትኩስ መጠጥ መተው፤ ወተት፣ እርጎና ቀዝቀዝ ያለ ገንፎ መብላት።
3. ጥርስን በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት፤ መፋቂያ የምንጠቀም ከሆነ ቁስሉን እንዳይወጋው መጠንቀቅ።
4. አስፕሪን ፈጭቶ ቁስሉ ላይ አለማድረግ፤ ሥጋውን ያቃጥለዋል። ያለ ሐኪም ትእዛዝም አንቲባዮቲክ ገዝቶ አለመዋጥ።

ትኩሳት ያለበት፣ ውኃ መጠጣት ያቃተው ወይም ሽንቱ ያነሰ ልጅ ቀን ሳይቆጠር ሐኪም ይየው። ከሁለት ሳምንት በላይ ያልዳነ ቁስል ባያምም እንኳ መመርመር አለበት፤ የአፍ ካንሰር ሲጀምር ብዙ ጊዜ አያምምና። በተለይ ቱምባክ ለሚጠቀሙ ይህ ጥብቅ ማሳሰቢያ ነው። ቱምባክ የትምባሆ ዱቄት ከአትሩን ጋር ተደባልቆ በከንፈርና በድድ መካከል የሚያዝ ሲሆን፣ በሱዳን ለአፍ ካንሰር ከሚዳርጉት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ነው። ካንሰሩ ገና በትንሽነቱ ሲገኝ የመዳን ተስፋው ከፍተኛ ነው።

እናቶችና አባቶች፣ ልጆቻችሁ ጥርሳቸውን ሲያጸዱ አፋቸውን አስከፍታችሁ በብርሃን ተመልከቱ። ተማሪዎችም አያቶቻችሁን «አፍዎ ውስጥ ያልዳነ ቁስል አለ?» ብላችሁ ጠይቁ። አለ ካሉ ዛሬውኑ ወደ ሐኪም ውሰዷቸው።