ከፈተና በኋላ የሚመጣው “ምነው!”፦ የጸጸት ሳይንስና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት በሚገለጽበት ሰሞን በየቤቱ የሚሰማ አንድ አጭር ቃል አለ፤ “ምነው!” የሚል። “ምነው ከ9ኛ ክፍል ጀምሬ ባጠናሁ!” “ምነው ሒሳብን ባልሸሸሁ!” “ምነው ጓደኞቼን ተከትዬ ባልመረጥሁ!” አበው “ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ” ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ሰዓት ነው። ይሁን እንጂ ጸጸት ከተረትና ምሳሌ አልፎ ራሱን የቻለ የሳይንስ ጥናት መስክ ሆኗል። ይህ ጽሑፍ ጸጸት ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚጠቅም፣ የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚወስድ ተማሪም ገና በእጁ ሳለ የትኛውን “ምነው” ሊያስቀር እንደሚችል ያስረዳል።

ለአነጋገር እንዲመቸን በደቡብ ወሎ፣ በወረባቦ ወረዳ ዋና ከተማ በቢስቲማ የምትማር አንዲት ተማሪ እናስብ። ወላጆቿ ከከተማው ራቅ ባለ የገጠር ቀበሌ ይኖራሉ፤ እርሷ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ፣ ስንቋን ከቤት እያመጣች ትማራለች። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ የ12ኛ ክፍል ፈተና የሚሰጠው በዩኒቨርሲቲዎች ቅጥር ግቢ በመሆኑ፣ ለእርሷና ለብዙ የገጠር ተማሪዎች ዩኒቨርሲቲን በዓይን የሚያዩበት የመጀመሪያው ቀን የፈተናው ቀን ነው። ለአንዳንዶቹ የመጨረሻውም ይሆናል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ከተፈተኑት 896,520 ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 29,909፣ ማለትም 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ይህ አኃዝ በ2016 ዓ.ም. ወደ 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ወደ 8.4 በመቶ ከፍ ብሏል። ከመቶ ተማሪ ከ90 በላዩ የቀረበት ፈተና ስንት “ምነው” እንደሚያስከትል መገመት አያዳግትም።

ጸጸት ምንድን ነው?

ጸጸትና ሐዘን ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ዝናብ ቀርቶ አዝመራ ቢጠፋ ገበሬው ያዝናል፤ ዝናቡ ዘንቦ ሳለ ሳይዘራ ቢቀር ግን ይጸጸታል። ልዩነቱ የራስ ምርጫ ነው። አእምሮ የሆነውን ነገር “እንዲህ ባደርግ ኖሮ ይሆን ከነበረው” ጋር ያነጻጽራል፤ ጸጸት ከዚህ ንጽጽር ይወለዳል።

ይህ ንጽጽር በአንጎል ውስጥ ስፍራ አለው። በእ.ኤ.አ. 2004 ናታሊ ካሚልና ባልደረቦቿ ባሳተሙት ጥናት፣ ተሳታፊዎች ከሁለት የዕጣ መንኮራኩሮች አንዱን እየመረጡ ገንዘብ እንዲያተርፉ ወይም እንዲከስሩ ተደረገ፤ ከዚያም ያልመረጡት መንኮራኩር ምን ያመጣ እንደነበር እንዲያዩ ተደረገ። ጤነኞቹ ሰዎች የተሻለው እንዳመለጣቸው ባዩ ጊዜ ተጸጸቱ፤ በቀጣዩ ዙር ምርጫቸውንም አስተካከሉ። ከዓይን ጉድጓድ በላይ ባለው የፊተኛው የአንጎል ክፍል ላይ ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ግን ጸጸት አልተሰማቸውም፤ ከስሕተታቸውም አልተማሩም። እንግዲህ ጸጸት በሽታ አይደለም፤ መራራ ቢሆንም የሚያስተምር መምህር ነው።

ሰዎች አብዝተው የሚጸጸቱት በምንድን ነው?

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ቶማስ ጊሎቪችና ቪክቶሪያ ሜድቬክ በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ባደረጓቸው ጥናቶች አንድ ተደጋጋሚ ነገር አስተዋሉ። በአጭር ጊዜ ውስጥ ሰዎችን አብዝቶ የሚያንገበግባቸው ያደረጉት ነገር ነው፤ ዓመታት ሲያልፉ ግን ሳያደርጉ የቀሩት ነገር ይብሳል። የተሠራ ስሕተት ሊታረም ይችላል፤ ያልተሞከረ ነገር ግን መጨረሻው ስለማይታወቅ በሐሳብ ውስጥ እያደገ ይሄዳል። በእ.ኤ.አ. 2005 ኒል ሮዝና ኤሚ ሰመርቪል በአሜሪካ የተደረጉ ጥናቶችን አሰባስበው ሲመረምሩ፣ ሰዎች በሕይወታቸው አብዝተው ከሚጸጸቱባቸው ነገሮች ትምህርት በአንደኛ ደረጃ ላይ ተገኘ። ምክንያታቸው ልብ የሚነካ ነው፤ ጸጸት የሚበረታው ዕድል በነበረበት ቦታ ነው። በሩ ክፍት እንደነበረ የሚያውቅ ሰው ባለመግባቱ ይቆጫል።

ስለዚህ የቢስቲማዋ ተማሪያችን ወደፊት ከሚያስቆጯት ነገሮች የሚበዙት ዛሬ ሳታደርግ የምታልፋቸው ይሆናሉ ማለት ነው። አራቱን ዋና ዋና “ምነው”ዎች በተራ እንመልከት።

1ኛ. “ምነው ቀደም ብዬ በጀመርሁ!”

ጀርመናዊው ተመራማሪ ኸርማን ኤቢንግሃውስ በእ.ኤ.አ. 1885 ባሳተመው ሥራ ትርጉም የሌላቸውን ቃላት እያጠና የራሱን መርሳት ለካ። ያጠናውን መልሶ ለመያዝ የሚያስፈልገው ድካም ምን ያህል እንደተቀነሰለት ሲያሰላ፣ ከ20 ደቂቃ በኋላ 58 በመቶ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ 44 በመቶ፣ ከአንድ ቀን በኋላ 34 በመቶ፣ ከ31 ቀን በኋላ ደግሞ 21 በመቶ ሆኖ አገኘው። ከእነዚህ ቁጥሮች ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ መርሳት የሚፈጥነው በመጀመሪያው ቀን ነው። ሁለተኛ፣ ከአንድ ወር በኋላም ቢሆን የቀረ ነገር አለ፤ ሁለተኛው ጥናት ከመጀመሪያው ይቀላል።

በእርግጥ ትርጉም ያለው ትምህርት ከትርጉም አልባ ቃል ይልቅ ይቆያል፤ የመርሳቱ አካሄድ ግን ተመሳሳይ ነው። ስለሆነም ዐሥር ሰዓት ያላት ተማሪ ሰዓቱን በአንድ ሌሊት ከምትጨርሰው ይልቅ፣ ትምህርቱን በተማረችበት ማግስት፣ ከሳምንት በኋላና ከወር በኋላ ብትከልሰው ያው ድካም የበለጠ ፍሬ ይሰጣታል። የሻማ ጥናት ለነገ ጠዋት ፈተና ሊያገለግል ይችላል፤ የአራት ዓመት ትምህርትን ለሚጠይቅ ፈተና ግን አይበቃም።

ታዲያ ይህን እያወቅን ለምን እንዘገያለን? አንዱ ምክንያት የጊዜ ግምታችን ስሕተት ነው። በእ.ኤ.አ. 1994 በታተመ ጥናት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በመጨረስ ላይ የነበሩ ተማሪዎች በአማካይ በ34 ቀን እንደሚጨርሱ ገመቱ፤ የፈጀባቸው ግን 55 ቀን ያህል ነበር። “ፊዚክስን በሁለት ወር እጨርሳለሁ” የሚል ተማሪ በዚሁ መጠን ቢሳሳት ከሦስት ወር በላይ ይፈጅበታል። ዕቅድ ስታወጡ የገመታችሁትን ጊዜ በአንድ ተኩል ማባዛት መልካም ልማድ ነው።

2ኛ. “አንብቤው ነበር እኮ፤ ምነው ጠፋኝ!”

ብዙ ተማሪ ደብተሩን ደጋግሞ በማንበቡ ያወቀ ይመስለዋል። ሮዲገርና ካርፒኪ በእ.ኤ.አ. 2006 ይህን ፈተኑት። አንዱ ቡድን ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበ፤ ሌላው አንድ ጊዜ አንብቦ ያስታወሰውን ሳያይ ጻፈ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ ደጋግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላ ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ራሳቸውን የፈተኑት 56 በመቶ ሲያስታውሱ ደጋግመው ያነበቡት 42 በመቶ ብቻ አስታወሱ።

የዚህ ጥናት ውበት ወጪ የማይጠይቅ መሆኑ ነው። ቤተ ሙከራና በቂ መጻሕፍት በሌለበት ትምህርት ቤት እንኳ ተማሪዋ ደብተሯን ዘግታ፣ ባዶ ወረቀት አውጥታ “ዛሬ ስለ ሴል ክፍፍል ምን ተማርሁ?” ብላ መጻፍ ትችላለች። አብረዋት ከሚኖሩት ጋር ማታ ማታ መጠያየቅም ያው ነው።

3ኛ. “ምነው ዕድሌ በቀና!”

ፈተናው የምርጫ ጥያቄ በመሆኑ በግምት ማለፍ የሚቻል የሚመስላቸው አሉ። እስኪ እናስላ። እያንዳንዳቸው አራት አማራጭ ያላቸው 60 ጥያቄዎች አሉ እንበል። በግምት ብቻ የሚመልስ ተማሪ አንዱን ጥያቄ የማግኘት ፕሮባቢሊቲው 1/4 ነው። ስለዚህ፦

አማካይ ውጤት = 60 × 1/4 = 15
ቫሪያንስ = 60 × 1/4 × 3/4 = 11.25
ስታንዳርድ ዴቪዬሽን = የ11.25 ስኩዌር ሩት ≈ 3.35

ግማሹን ለማግኘት 30 ጥያቄ ያስፈልጋል፤ ይህም ከአማካዩ በ15 ይርቃል። 15ን ለ3.35 ብናካፍል 4.5 ገደማ ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይሆናል። የዚህ ዓይነቱ አጋጣሚ ከ100,000 ገማቾች ለሦስቱ ያህል ብቻ የሚደርስ ነው። ያውም በአንድ ትምህርት ብቻ! በሌላ በኩል 20 ጥያቄ በእርግጠኝነት የምታውቅ ተማሪ የቀሩትን 40 ብትገምት በአማካይ 10 ታገኛለች፤ ድምሩ 30 ይሆናል። ዕድል የሚረዳው አስቀድሞ የሠራን ሰው ነው ማለት ነው።

4ኛ. “ምነው በራሴ በመረጥሁ!”

አንዳንድ በር ቀድሞ ይዘጋል። ተማሪው የተፈጥሮ ሳይንስ ወይም የማኅበራዊ ሳይንስ መስመር ሲይዝ ገና 16 ወይም 17 ዓመቱ ነው፤ ሕክምና፣ ምሕንድስና ወይም ሕግ የማጥናት ዕድሉ ግን በዚያው ቀን ይወሰናል። የትምህርት ክፍል ምርጫ በአንጻሩ ቆየት ይላል፤ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ አዲስ ገቢዎች በመጀመሪያው ዓመት የጋራ ትምህርቶችን ስለሚወስዱ ለማሰብ ጊዜ አለ። ስለሆነም ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ብዙዎች በቸልታ በሚያልፉት የመጀመሪያው ምርጫ ላይ ነው።

በዚህ ላይ የሚረዳ አንድ ግኝት አለ። በእ.ኤ.አ. 2009 ዳንኤል ጊልበርትና ባልደረቦቹ እንዳሳዩት፣ ሰው አንድ ነገር ምን ያህል እንደሚያስደስተው ሲገምት፣ ከራሱ ምናብ ይልቅ ያንን ነገር ያየ የሌላ ሰው ምስክርነት ወደ እውነቱ ያቀርበዋል። እንግዲህ ስለ ምሕንድስና ለማወቅ የሚሻ የቢስቲማ ተማሪ በወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማር የአገሩን ልጅ ለክረምት ሲመጣ ይጠይቅ፤ ስለ ጤና ትምህርትም ደሴ ግቢ የሚማረውን እንዲሁ። “ጥሩ ነው ወይ?” ማለት አይበቃም። “ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠራህ? ምን ከበደህ? ከ10ኛ ክፍል የትኛው ትምህርት አስፈለገህ?” ብሎ መጠየቅ ይበጃል። ይህ ምክር ወላጆችን አለመስማት አይደለም፤ የእነርሱ ጭንቀት ከፍቅር የመነጨ ነውና። ነገር ግን ክፍል ውስጥ ለዓመታት የሚቀመጠው ልጁ መሆኑን በአክብሮት ማስረዳት ተገቢ ነው።

የማይገባ ጸጸት

እስካሁን ስለ ምርጫ ተናገርን። ይሁንና ሁሉ ነገር የተማሪው ምርጫ አይደለም። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በጥቅምት መጨረሻ 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን አዳረሰ፤ ከተሞቹ እስከ ኅዳር መጨረሻ ሰላማቸውን አላገኙም፤ ትምህርት ቤቶችና የወሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢዎችም ተጎዱ። በዚያ ዓመት ደብተሩን ጥሎ የተሰደደ ተማሪ “ምነው ባጠናሁ” ብሎ ራሱን ቢወቅስ፣ ከላይ በሰጠነው ፍቺ መሠረት ጸጸትን ከሐዘን ጋር አምታትቷል። ለደረሰበት ማዘን ይገባዋል፤ ራሱን መክሰስ ግን አይገባውም። ሁለቱን መለየት ከንቱ መጽናኛ አይደለም፤ ጉልበትን መለወጥ በሚቻለው ነገር ላይ ለማዋል ያስችላልና።

በራስ ጥፋት የመጣ ውድቀትም ቢሆን መጨረሻ አይደለም። በካናዳ በእ.ኤ.አ. 2010 በታተመ ጥናት፣ ለመጀመሪያው ፈተና ሳያጠኑ በመዘግየታቸው ራሳቸውን ይቅር ያሉ ተማሪዎች፣ ራሳቸውን ሲኮንኑ ከቆዩት ይልቅ ለሁለተኛው ፈተና የመዘግየታቸው መጠን ቀንሶ ተገኝቷል። ራስን መኮነን መጽሐፉን ማየት እንኳ እንዲያስጠላ ያደርጋል፤ ጥፋትን አምኖ ወደ ሥራ መመለስ ግን መንገድ ይከፍታል።

ማጠቃለያ

ጸጸት ከምርጫ ይወለዳል፤ አብዝቶ የሚያቃጥለውም ያልተሠራው ነው፤ በጊዜ ከተሰማ ደግሞ ያስተምራል። ለዚህ ነው ከፈተናው በኋላ የሚመጣውን “ምነው” ዛሬ አስቀድሞ በሐሳብ መስማት የሚጠቅመው። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ሆይ፤ ዛሬ ማታ ደብተርህን ዝጋና ያስታወስኸውን ጻፍ። የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሆይ፤ መስመርሽን ከመያዝሽ በፊት ያለፉበትን ጠይቂ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሆይ፤ የቀረው ጊዜ ትንሽ ቢሆን እንኳ ከፋፍላችሁ ተጠቀሙበት። ውጤት ያልመጣላችሁም “ምን ብናደርግ ይሻል ነበር?” የሚለውን ጥያቄ “አሁን ምን እናድርግ?” በሚለው ለውጡት።

መልመጃ

1. አራት አማራጭ ያላቸው 100 ጥያቄዎችን በግምት ብቻ የሚመልስ ተማሪ አማካይ ውጤቱና ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ ስንት ነው? 50 ከአማካዩ በስንት ስታንዳርድ ዴቪዬሽን ይርቃል?
2. የኤቢንግሃውስን አኃዞች በግራፍ ወረቀት ላይ ሣሉ። መርሳት የሚፈጥነው በየትኛው ክፍለ ጊዜ ነው? የመጀመሪያውን ክለሳ መቼ ብታደርጉ ይሻላል?
3. ባለፈው ዓመት የቆጫችሁን አንድ ነገር ጻፉ። በእናንተ ምርጫ የመጣውን በአንድ ዓምድ፣ ከእናንተ ውጭ የሆነውን በሌላ ዓምድ አስቀምጡ። በመጀመሪያው ዓምድ ካሉት መካከል በዚህ ሳምንት ሊታረም የሚችለው የቱ ነው?